አራት ባዶ ምት

ትርሲት፣ ደብተር አውጪ፤ አምስት መስመር አስምሪ፤
ዛሬ ዜማ እንፈታለን፤ ጠይቂ፣ አትፍሪ።
«የሌሊት ፈረቃ» ይባላል ድራማው፣
ደብረ ብርሃን፣ እዚሁ ብርድ መሐል ተወለደ ዜማው።
የብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ የሠራተኞች ክበብ፤
መድረኩ ከሳንቃ፣ ወንበሩ ከርብራብ።
ሁለተኛው ክፍል፣ ሦስተኛው ትዕይንት፤
ከበሩ ቆማለች ሱፍ ፈታዩዋ ሴት።
ባሏ ከውስጥ አለ፣ ከሽመናው ክፍል፤
ብትዘፍን አይሰማት፣ መኪናው ሲያይል።

መጀመሪያ ምቱን። ስድስት በስምንት ነው፤
ችክችካ ነው ትይኝ፤ ልክ ነሽ፣ እሱ ነው።
ግን ሸዋቀና ሲደርሰው፣ ከፈረቃ ወጥቶ፣
መወርወሪያው ነበር ጆሮው ውስጥ ተረስቶ፤
ሄዶ ሦስት፣ መጥቶ ሦስት፣ ክሩ እስኪበጠስ፤
ለዚህ ነው ዜማው ውስጥ የማይገኝ መተንፈስ።

ቅኝቱ ትዝታ፣ ሙሉው፤ የበጋ ቀን የመሰለ፤
አምስት ድምፅ ብቻ፣ ሚ እና ላን ያዘለ።
ሁለተኛው አዝማች ላይ ሁለቱን ዝቅ በያቸው፣
ግማሽ ድምፅ፣ ግማሽ ድምፅ፤ ውርጭ እንደነካቸው።
የጠባሴን ባቄላ በጥቅምት አይተሻል?
ቅጠሉ አልረገፈም፤ ግን አንገቱን ደፍቷል።
እንደዚያ ነው ለውጡ።

አሁን ማረፊያዋን ፈልጊ፣ ስንኝ በስንኝ፤
«ዶ» ላይ አርፋለች ወይ? የለም፤
«ሶል» ላይ ተንጠልጥላ ትላለች፦ «ንገረኝ»።
ጥያቄ ነውና ቤቱ አይገባም ዜማው፤
ደጅ ያድራል እንደሷ፣ ከነብርዱ፣ ከነጨለማው።

እሺ፤ እዚህ ጋ ነው ጣትሽን ያቆምሽው፤
አራት ባዶ ምት አለ፤ ከበሮም አይነካው።
ከዚያ ዜማው በሙሉ አንድ ድምፅ ይወጣል፣
መሰላል ሳይቆም ሰው ጣሪያ ላይ ይገኛል።
ክራሩም ይጠፋል እስከ መጨረሻው።
«ለምን?» አልሽ። መጽሐፉማ መልስ አያጣም ለሻው፦
«ስሜትን ለማጋል።» ለፈተና ጻፊው፣ አርምልሻለሁ፤
እኔ ግን አኮርዲዮን ይዤ እዚያ ነበርኩ፣ አውቃለሁ።

ሦስተኛው ምሽት ነው። አዳራሹ ሞልቷል፤
ግማሹ ተመልካች ከነቱታው መጥቷል።
አጸደማርያም «ንገረኝ» ብላ፣ አፏን ሳትገጥም፣
ጮኸ የፋብሪካው ጡሩምባ፤ ሰዓት ሰው አይምርም።
ተንቋቋ ወንበሩ፤ ፈረቃው የደረሰ ተነሣ፤
ባለሥራ ምን ያድርግ? ደመወዝ ይቆረጣል፣ ቢረሳ።
እሷ ዝም። እኔ ዝም፣ ጣቴ ቁልፉ ላይ ደርቆ፤
ሸዋቀና ከመጋረጃ ኋላ፣ ራሱን ይዞ ተደብቆ።
ከዚያ አፏን ከፈተች፤
የጡሩምባውን ቃና ካየር ላይ ለቀመችው፣
ክር እንደበጠሰባት ሴት፣ ጫፉን ይዛ ቀጠለችው።

ከኛ በአንድ ድምፅ ይበልጣል። ቁልፍ ስፈልግ እኔ፣
ማሲንቆው ጣት አንሸራቶ ደረሰ ከጎኔ።
ክራር ግን አንዴ ከተቃኘ መንገድ አይቀይርም፤
እየሮጡ ጅማት ማጥበቅ ለማንም አይሆንም።
ዳምጠው ጉልበቱ ላይ አስተኝቶ ክራሩን፣
ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሰማሽ አይደል ጭብጨባውን?
በር የደረሱትም እዚያው ቆመው ቀሩ፤
አሥራ አንድ ሰዎች፤ በማግሥቱ ተቀጡ፣ አላማረሩ።

ደብረ ሲና ስንሄድ፣ ጣርማ በርን ወርደን፣
እዚያ ጡሩምባ የለም፤ ሙቀት ነው የተቀበለን።
እሷ ግን አቆመች። ጠበቀች፣ አራት ምት ሙሉ፤
ሰዉ ትንፋሹን ያዘ፣ ሕፃን አዋቂ ሁሉ።
ሸዋቀና ሌሊቱን እርሳስ ጠይቆኝ
ዕረፍት ሳለበት፤ «የኔ ነው እንግዲህ» አለኝ።

በይ፣ ተነሺ ዝፈኚው። ባዶው ላይ ስትደርሺ
ተዋናይ አትሁኚ፣ እንባም አታፍሺ፤
ቁጠሪ ብቻ።
አንድ፦ ይጮኻል።
ሁለት፦ ወንበር ይንቋቋል።
ሦስት፦ የሚሄድ ይሄዳል።
አራትን አልነግርሽም፤
እኔም እዚያ ምት ላይ፣
እስከ ዛሬ፣ ቁልፉን አላገኘሁም።